የካፖርቱ እጅጌ

ለተከበሩ ታላቅ እኅቴ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን።

ከዳኝነት በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ ልብስ ስፌት እየተማርሁ ነው፤ ለእርስዎም ካፖርት ጀምሬአለሁ። ትናንት ግን አንዱን እጅጌ ጥቁር፣ ሌላውን ጠቆር ያለ ሰማያዊ አድርጌ ገጥሜ ተገኘሁ። ባለቤቴ፣ «ክቡር ዳኛ፣ እጅጌዎቹ አልተስማሙም፤ ይታረቁ ወይስ ይግባኝ ይበሉ?» ብላ ስትስቅ አንገቴን ደፋሁ። አስተማሪዬ ልብስ ሰፊውም ቀስ ብሎ፣ «አባባ፣ ቢተዉት አይሻልም?» አለኝ።

አልተውም። እጅጌውን በጣቶቼ እየዳሰስሁ ፈትቼዋለሁ፤ መርፌው ላይ ክር የምታስገባልኝ ባለቤቴ ናት። እስኪመጡ ይደርሳል።

ሲመጡ ግን፣ እባክዎ፣ እንደ ልማድዎ ድምፅ ሳያሰሙ አይግቡ፤ በድምፅዎ እንድለይዎ ከደጃፉ ሆነው ይጥሩኝ።

በአክብሮት እጅ እየነሣሁ፣
ታናሽ ወንድምዎ