ከበላህ በኋላ የሚነበብ

ክላርክስተን፣ ሰኔ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጥሩሰው፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ። ግፊቴም ደህና ነው። ስለ ግፊቴ ብዙ ስለምታስብ አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ዘገዬ የሚባል የማኅበራችን ሰው ነው። ከመስጠቱ በፊት ምሳ በልተህ እንደሆነ ይጠይቅሃል። ካልበላህ እንዳይሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ምክንያቱ እያነበብክ ስትሄድ ይገባሃል።

ከጥቅምት ወዲህ ስልክህን አላነሳሁም። የተውካቸውን መልእክቶች ግን ሁሉንም ሰምቻለሁ። ለእማዬ ሙት ዓመት እንድመጣ ትለምነኛለህ። “እታለም፣ ያለፈውን እንርሳው” ትላለህ። ከመርሳታችን በፊት የምንረሳውን ነገር ልንገርህ።

መርዶዬ የተነገረኝ ቅዳሜ ቀን ነው። ልጅህ ናትናኤል ከሚስቱ ከሶፍያ ጋር ከኬኔሶ መጥቶ በጠዋት በሬን አንኳኳ። “አክስቴ፣ ተነሺ፣ ቅጠል ልናሳይሽ ነው” አለኝ። እዚህ በዚያ ወቅት ተራራው ላይ ያለው ዛፍ ሁሉ ቀይና ቢጫ ይሆናል። ሰው መኪናውን ይዞ ሊያይ ይወጣል። እኔ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ አይቼው አላውቅም፤ ቅዳሜ ሥራ ነኝ። “ፈረቃሽን አስቀይረናል” አሉኝ። ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግኩት ልጅ አስታወሰኝ ብዬ ደስ አለኝ። ይህን እንድታውቀው እፈልጋለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

በ575 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ወጣን። ኤሊጄይ ላይ አፕል የሚሸጡበት ቦታ ቆም ብለን ገዛን። ሶፍያ ግን ገና ከሰፈር ሳንወጣ ነው ማብላት የጀመረችው። የጽጌ ጾም ስለነበር የሱፍ ፍትፍት በምሳ ዕቃ ይዛለች።

“አክስቴ፣ ትንሽ ብቻ፣ ፕሊስ።”

“አሁን በላሁ እኮ።”

“ኖ፣ ላይክ፣ ምንም አልበላሽም!”

ሌላ ጊዜ “ስኳር ይሆንብሻል” እያለች እንጀራ ከፊቴ የምታነሳ ልጅ ናት።

ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ነቃሁ። እዚህ መርዶ ሲነገር አጉራሿ እኔ ነኝ። ሰው ሐዘኑን ከሰማ በኋላ እህል አይቀምስም፤ ስለዚህ አስቀድመን እናበላዋለን። ገብረሕይወት የሚባል ጎረቤቴን የወንድሙን ሞት ከመስማቱ በፊት በገዛ እጄ አጉርሼዋለሁ። ያንን ጉርሻ አውቀዋለሁ። እጁ ትንሽ ይፈጥናል። የሚያጎርስህ ሰው ዓይንህን አያይም።

አፌ ውስጥ ያለውን ዋጥኩ።

ጥቂት እንደሄድን ስልክ በመኪናው ስፒከር ጮኸ። ናትናኤል ሊዘጋው እጁን ሲሰድ ከፈተው። ጋሽ ክፍሌ ነበሩ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ።

“ናቲ፣ ወንበሩ ደርሷል። ቄሱም መንገድ ላይ ናቸው። በስንት ሰዓት ትመልሷታላችሁ?”

“ጋሽ ክፍሌ” አልኩ ከኋላ ሆኜ፣ “የማን ለቅሶ ነው?”

 “ኧረ... እንደምን አደርሽ፣ እየሩስ?” አሉና ዘጉት።

ናትናኤል ዳር ይዞ ቆመ።

“እማዬ ናት?” አልኩት።

“አዎ።”

“መቼ? ዛሬ ሌሊት?”

መሪውን አልለቀቀም። “ሐምሌ ላይ” አለ።

ጥቅምት ነበር፣ ጥሩሰው።

ነሐሴ ላይ “እማዬን አቅርብልኝ” ስልህ “ተኝታለች” አልከኝ። ሌላ ቀን “ቤተ ክርስቲያን ናት” አልከኝ። ኋላ ደግሞ “ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ አይሰማትም” አልከኝ። እኔ ሞኟ የመስሚያ መሣሪያ ገዝቼ በሰው ላክሁ። መስከረም ላይ ደረሰ። “ወዲያው አደረገችው፣ በጣም ደስ አላት” አልከኝ። ደስ አላት! ያን ጊዜ አርባዋ ወጥቶ ነበር።

ይህንንም ቢሆን ይቅር ልልህ እችል ነበር። ሐዘን መደበቅ የሁላችንም ሥራ ነው፤ እኔም ለሌሎች አድርጌዋለሁ። ይቅር የማልልህ ሌላውን ነው።

ናትናኤል ማልቀስ ጀመረና ያልጠየቅኩትን ነገረኝ። እማዬ ከግንቦት ጀምሮ አልጋ ላይ ነበረች። አንተ ለእኔ “ጉንፋን ነው” ስትለኝ ማለት ነው። እሷ ናትናኤልን በስልክ ስታገኘው “እየሩስ ለምን አትመጣም?” ብላ ጠየቀችው። አንተ “ሥራ አልለቀቃትም በላት” ብለህ አዘኸው ነበርና እንደዚያው አላት። እሷም “እንግዲህ ምን ታድርግ። ይቅር ብያታለሁ በልልኝ” አለችው።

ባልበደልኩት ይቅር ተባልኩ። ፓስፖርቴ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድም ነበረኝ። ያን ሰሞን እኔ ዲኬተር በምሠራበት የአረጋውያን ቤት የሌላ ሰው እናት ሳጥብ ነበር።

“ለአንቺ ብለን ነው” ትላለህ። ለእኔ አይደለም። ብቻውን አስታሞ ብቻውን የቀበረ ልጅ መባል ፈልገህ ነው። ተብለሃል። ሰፈሩ አንተን ሲያመሰግን ሰምቻለሁ፤ እኔንም ምን እንደሚለኝ ሰምቻለሁ።

“እንመለስ፣ አክስቴ?” አለ ናትናኤል። “ሰው እየጠበቀሽ ነው።”

“ቅጠል ልናሳይሽ ነው አላልክም? ንዳ።”

ነዳ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ግራና ቀኙ ቀይ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ያምራል፤ አልዋሽም። ጫፉ ላይ ስንደርስ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና ሶፍያን “ምሳ ዕቃውን አምጪው” አልኳት። የቀረውን ፍትፍት አንድ በአንድ በላሁ። አፕሉንም ጨመርኩበት። ሁለቱ ቆመው ያዩኛል። አንዲት ጠብታ እንባ አላወጣሁም። ጋሽ ክፍሌ ይደውላሉ፤ ክላርክስተን ለቀስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ በሬን ያያል። ይጠብቅ አልኩ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልተነሳሁም።

ስንወርድ ሶፍያ “አቁም፣ አቁም” አለችና ወርዳ አስመለሳት። ውሃ ይዤ ተከተልኳት። ግንባሯን ስይዝላት ገባኝ።

“ስንተኛ ወርሽ ነው?”

“ሦስት ሊሆነኝ ነው። ማንም አያውቅም። ለገና ለአባባ እንደውልና ሰርፕራይዝ እናደርጋቸዋለን ብለን ነበር።”

ናትናኤልን ዞሬ አየሁት። “አትነግረውም” አልኩት።

“አክስቴ...”

“ለእኔ እሱ አዞህ ዋሽተሃል። ለእሱ ደግሞ እኔ አዝዤህ ትዋሻለህ። ካሳዬ ይኸው ነው።”

ከዚያ ቤቴ ገብቼ በሥርዓቱ አለቀስኩ።

አሁን የምሥራቹን ልንገርህ። የልጅ ልጅ አለህ። ወንድ ነው። ግንቦት ውስጥ ተወለደ፤ ባለፈው ሳምንት ክርስትና ተነሣ። ጋሽ ክፍሌ የክርስትና አባት ሆኑት። “ሶፍያ ተኝታለች” ያሉህ ቀን ምጥ ላይ ነበረች። “ሥራ ናት” ሲሉህ እያጠባች ነበር። አንድ ቀን የሕፃን ድምፅ ሰምተህ ጠየቅክ፤ ናትናኤል “የጎረቤት ነው” አለህ። ስልኩን ዘግቶ መታጠቢያ ቤት ገባ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

“አይበቃም፣ አክስቴ?” አለኝ።

“አርባው ይሙላ” አልኩት።

የእማዬ አርባ ያለ እኔ ወጣ። የልጅ ልጅህ አርባ ያለ አንተ ሞላ። ስም የሚያወጣው አያት ነው፤ አያት ስላልነበረ እኔ አወጣሁለት። ስሙን እዚህ አልጽፍልህም። ፎቶም አላያያዝኩም።

ከጥምቀቱ ሲወጣ ሴቶቹ “እልል በይ እንጂ” አሉኝ። ከእኛ ወገን የቆምኩት ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ እምቢ አለኝ። ይህን ለምን እንደምጽፍልህ አላውቅም።

ለሙት ዓመቱ አልመጣም። የመስሚያ መሣሪያውን ለዘገዬ ስጠው። ከነካርቶኑ እንደታሸገ መሆኑን አውቃለሁ። የምሠራበት ቤት የሚያስፈልጋት ሴት አለች።

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፣ ይህን ሁሉ እያሰብክ የምትኖርበት። ጤናህን ይጠብቅልህ፣ አእምሮህንም።

የልጁን ስም ማወቅ ከፈለግክ ደውል። ናትናኤል ጋ አይደለም፤ እኔ ጋ። ቤተ ክርስቲያን ካልሄድኩ፣ ካልተኛሁም፣ አነሳለሁ።

እህትህ
እየሩሳሌም