ዳቦዎቹ በጀርባቸው የተኙበት አልጋ

ይድረስ ለክቡር ሚስተር ኔቪል ክራዶክ፣
በዋይቶሩ ከተማ የሰላማዊ እንቅልፍ ሞቴል ሥራ አስኪያጅ፣ የከተማው የእንግዳ ማረፊያዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የ«ሕፃናት ደኅንነት መመሪያ ቁጥር አራት» ብቸኛ ደራሲ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም በዚያ በቁርሱ ማለዳ በንግግርዎ መሐል ሁለት ጊዜ በደስታ የተያዘብዎት ትንፋሽዎ ደኅና ናቸውን? እኛ በእርስዎ መልካም ምኞት ደኅና ነን። ከእንቅልፍ በቀር የጎደለን የለም፤ እሱም ቢሆን በሞቴልዎ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ስላየነው ያለበትን እናውቃለን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ላሳፍርዎ ፈልጌ እንዳልሆነ ይወቁልኝ። በቆየንባቸው ሁለት ቀናት ሦስት ማስታወሻ በእንግዳ መቀበያው ባለው የአስተያየት ሳጥን ውስጥ ከትቼ ነበር፤ በኋላ እንደ ሰማሁት ግን ሳጥኑ የሞቱ ባትሪዎች ማጠራቀሚያ ኖሯል። ባትሪዎቹ ላሳዩኝ ትዕግሥት አመሰግናለሁ።

ምናልባት ከብዙ እንግዶችዎ መካከል ካላስታወሱኝ፣ ንጋሁያ ታሚሃና እባላለሁ። የወንድሜን ልጅ ሠርግ ለመታደም ከቶኮሮዋ አራት ሰዓት ተጉዘን አርብ ከሰዓት በኋላ ደጅዎ የደረስነው እኔ፣ ባለቤቴ ራዊሪ፣ ልጄ ሪፔካና የሦስት ወር ልጇ ማታይ ነን። ማታይን እንኳ ሳያስታውሱት አይቀሩም፤ ዳቦ ያልሆነው እሱ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት ስልክ ደውዬ የልጁን መኝታ ይዘን እንደምንመጣ ሳሳውቅዎ፣ ሐሳብ እንዳይገባኝ ብለው መመሪያ ቁጥር አራትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። «ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ማንኛውም ሕፃን የሚተኛው ሞቴሉ ባዘጋጀው አልጋ ብቻ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ መኝታ ለደኅንነት ሲባል አይፈቀድም።» ድምፅዎ ውስጥ የነበረው ኩራት እስከ ወጥ ቤቴ ድረስ ተሰማ። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ሆኖም እኔ አሮጊት ነኝና መኝታችንን መኪናው ውስጥ ከኋላ ሸጎጥኩት። የምጎነጉነው ቅጠል እንጂ ሴራ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን እወዳለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ አልጋው። ሞቴልዎ ያዘጋጀው ታጣፊ የሕፃን አልጋ አንድ እግሩ ከሦስቱ ያጠረ፣ አንድ ጎኑ በማሸጊያ ፕላስተር የቆመ ነበር፤ ራዊሪ አጠገቡ ቆሞ ሲያስነጥስ ሰገደለት። ፍራሹ ከሌላ አልጋ የመጣ ስለሆነ በእሱና በአልጋው ጎን መካከል ክፍተት አለ። ጡጫዬን ብከተው እስከ አንጓዬ ገባ፤ ጡጫዬን ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። የማታይ ጭንቅላት ከጡጫዬ ብዙም አይበልጥም። ይህ እንዳይበቃን ተብሎ ሦስት ትራስ፣ ለወይፈን የሚበቃ ብርድ ልብስ፣ ጆሮው ከልጁ ቁመት የሚረዝም የጨርቅ ጥንቸልም ታክሎበት ነበር። ደግነትዎ ወሰን የለውም። ለሦስት ወር ልጅ ግን ትራስም ጥንቸልም ፊት ላይ የሚወድቅ ነገር ነው፤ ልጁ ደግሞ ገና ነገር ከፊቱ ላይ መግፋት አልተማረም።

እንግዳ ተቀባይዋ ልጅዎ ሾና፣ የሰባት ወር ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ አልጋውን እያየች «እማማ፣ እኔ ራሴ ባየሁት ቁጥር ያስፈራኛል። አባዬን ስንት ጊዜ ነገርኩት፣ ‹ሰርተፊኬት አለው› ይለኛል» አለችኝ። ይህን የምጽፈው እንዲቆጧት አይደለም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ዓይን ያላት እሷ ብቻ እንደሆነች ከተማው እንዲያውቅላት ነው።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ይረዝማልና ወንበር ይሳቡ። አልጋውን ካየሁ በኋላ መመሪያ ቁጥር አራት ራሱ ሄዶ ይተኛበት ብዬ ሪፔካን ዋሃኩራውን ከመኪናው እንድታመጣ ላክኋት። እርስዎ ላላወቁት፣ ዋሃኩራ ሃራኬኬ ከሚባል ተክል ረጅም ቅጠል የሚጎነጎን፣ ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ዝቅ ያለ የሕፃን መኝታ ነው። ሕፃኑ በጀርባው፣ ፊቱ ተገልጦ፣ ያለ ትራስ ይተኛበታል፤ እናቱ አጠገቡ ብትተኛም የራሱ ስፍራ ስላለው ማንም አይጫነውም። ይህኛውን ራሴ ጎነጎንኩት። ስድስት የልጅ ልጆቼ አድገውበታል፤ ማታይ ሰባተኛው ነው። ሪፔካ እንግዳ መቀበያው ላይ አስቀመጠችውና ልጁን ለማምጣት ወደ መኪናው ተመለሰች። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስትመለስ የለም።

ሾና ዓይኗ ፈጦ እንዲህ ስትል ነገረችን፦ «አባዬ ከቢሮ ወጣ፣ አየው፣ እንባው ነው የቀረው! ‹ኮሃ አመጡልኝ!› ብሎ አቅፎት ወጥ ቤት ገባ። ‹አይ፣ የልጅ ነገር መሰለኝ› ስለው ‹አንቺ ሥልጠናውን አልወሰድሽም› አለኝ።»

እውነት ነው፤ ሥልጠናውን የወሰዱት እርስዎ ነዎት። የምስክር ወረቀቱ በመስታወት ተከቶ ከቁልፎቹ በላይ ተሰቅሏል። የእኛ የማኦሪዎች ባህል የአንድ ቀን ሥልጠና እንደነበር፣ የእርስዎ ወረቀት ግን «ግማሽ ቀን» እንደሚል በአክብሮት አስተውያለሁ፤ ምሳውን በልተው ነው የሄዱት አሉ። ከምሳ በፊት ባለው ግማሽ ቀን እንግዳ ወደ ሰው ቤት ሲሄድ ኮሃ፣ ማለትም ስጦታ፣ ይዞ እንደሚሄድ ተምረዋል። በትክክል ተምረዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ሌላውን ግማሽ ትንሽ ቆይቼ እደርስበታለሁ።

ወጥ ቤቱን ቆልፈው፣ ቁልፉን በኪስዎ ይዘው፣ ወደ ማኅበርዎ እራት ስለሄዱ፣ ስልክዎንም ለክብረ በዓሉ ሲሉ ስላጠፉ፣ ያን ማታ ልጁ የሚተኛበት አጣን። ራዊሪ የዚያን አልጋ ቀጭን ፍራሽ አውጥቶ ባዶ ወለል ላይ ዘረጋው፣ አንሶላውን ወጥሮ ጠቀጠቀው፣ ጥንቸሉን ኮሪደር ላይ አስወጣው፤ ማታይን በጀርባው አስተኝተን እኛ በየተራ አጠገቡ ተቀመጥን። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ እኛ ለአንዱ ሦስት ሆነን እንቅልፍ አጣን።

እዚህ ላይ ቀልዴን ላንድ አፍታ ላስቀምጠው። እህቴ ኬሪ የመጀመሪያ ልጇን እንዲህ ባለ የሠርግ ጉዞ፣ ሰው ቤት፣ ትራስ ደግፋ ሶፋ ላይ አስተኛችው፤ ጠዋት በሕይወት አላገኘችውም። ማንም ክፉ አላሰበም፤ የቤቱ ሰዎች ያላቸውን ሁሉ ምቾት ነው የሰጧት። ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው። እኔ መጎንጎን የተማርኩት በዚያ ዓመት ነው። ስለዚህ ያን ሌሊት ፈርቼ ነበር፤ ተናድጄም ነበር፤ ይህንን አልሸፋፍንልዎም።

አሁን ቀልዴን አነሳለሁ፤ ቁርስ ደርሷልና።

አራተኛ፦ ቅዳሜ ማለዳ ሙሽራውና ዘመዶቹ አርባ ሆነን ወደ ምግብ አዳራሽዎ ስንገባ፣ በረጅሙ ጠረጴዛ መሐል፣ በነጭ ጨርቅ ላይ፣ ዋሃኩራው ድቡልቡል ትንንሽ ዳቦዎች ሞልተውበት ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ በእጅ ጽሑፍዎ «ከእንግዶቻችን የተበረከተ» የሚል ካርድ ቆሟል። እርስዎም ክራቫትዎን አጥብቀው፣ የዳቦ መቆንጠጫ በእጅዎ ይዘው፣ «ኪያ ኦራ ዘመዶቼ! ይህን ውብ የዳቦ ቅርጫት…» ብለው ጀመሩ። ንግግርዎን ሌሊቱን ሲያጠኑት እንዳደሩ ያስታውቃል። የዚያን ሌሊት ሁላችንም ሳንተኛ ማደራችን ያቀራርበናል።

አዳራሹ ጸጥ አለ። እርስዎ ዝምታውን አድናቆት መስሎዎት አንገትዎን ዝቅ አደረጉ። የሰማንያ አራት ዓመቷ አክስቴ ሚሂ ግን ዝም አላሉም፦ «ራዊሪ፣ መነጽሬን አምጣማ። ይኼ ሰውዬ የልጁን አልጋ ነው ወይስ ልጁን ነው የሚያቀርብልን?» ባለቤቴ ራዊሪ በዓመት አንድ ጊዜ የሚናገር ሰው ነው፤ የዘንድሮውን ያን ዕለት ተጠቀመበት። ጠጋ ብሎ አየና «ዳቦዎቹ እንኳ ደንቡን ያውቃሉ፤ በጀርባቸው ነው የተኙት» አለ።

ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ ልክ ነው። ዳቦዎቹ በጀርባቸው ተኝተዋል፣ ፊታቸው ተገልጧል፣ ትራስ የላቸውም፣ ጥንቸል አጠገባቸው የለም። በሰላማዊ እንቅልፍ ሞቴል በደኅንነት ያደሩት እንግዶች እነሱ ብቻ ነበሩ። አርባ ሰው ሲስቅ እርስዎ አብረውን ሳቁ፤ ከዚያ ለአክስቴ ሚሂ አንዱን በመቆንጠጫው አንስተው «እናቴ፣ ቅቤም አለ» ማለትዎ ነው ነገሩን ያበላሸው። አክስቴ «የልጅ ልጃችንን በቅቤ አልበላም» ብለው ወጡ፤ እኛም ተከትለናቸው ወጣን። አርባ ሰው ቁርስ ሳይበላ ሠርግ ሄደ። ሙሽራው ቃል ኪዳን ሲገባ ሆዱ ሲጮህ እስከ ኋላ ወንበር ተሰማ፤ ሙሽሪት ግን ደስታ ነው ብላ ተቀብላዋለች።

አምስተኛ፦ ከምሳ በኋላ ያለው ግማሽ ቀን ይኸው። በእኛ ዘንድ የሰው ራስ ቅዱስ ነውና ከምግብ ጋር አይገናኝም። ትራስ ላይ አንቀመጥም፣ ጠረጴዛ ላይ አንቀመጥም፣ የሰው ጭንቅላት ያረፈበት ነገር ላይ ምግብ አናስቀምጥም። ይህ ትምህርት የተሰጠው ከምሳ በኋላ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢታገሡ ኖሮ ይህ ሁሉ ደብዳቤ ባልተጻፈ። እሁድ ስንሸኝ ዋሃኩራውን አቅርበው «ፍርፋሪውን በደንብ አራግፌዋለሁ» ሲሉኝ ከልብዎ እንደ ሆነ ገብቶኛል። ግን ስድስት ልጆች ያደጉበት አልጋ ዳቦ አድሮበት የልጅ መኝታ መሆኑ አብቅቷል። ማታይ በትውስት መኝታ ነው ያለው። ይህ አሳዝኖኛል፤ መኪናው ውስጥ ለብቻዬ አልቅሻለሁ፤ ራዊሪም እንዳላየ ሆኖ ሬዲዮ ከፈተ።

ስድስተኛ፦ ሻወሩ ጥሩ ነበር።

እንግዲህ ጊዜዎን ካልሻማሁ ጥቂት ትሑት ልመናዎች አሉኝ። ያ ታጣፊ አልጋ በክብር ይቀበር። ጥንቸሉ ለአቅመ ትራስ ለደረሰ ልጅ ይሰጥ። መመሪያ ቁጥር አራት ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ይስተካከል፤ ሕፃን ከቤቱ የሚያመጣው ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ፣ የብቻው መኝታ እንኳን ደኅና መጣ ይባል። ለማኅበርዎ አባላት በሙሉ ሲያስተላልፉት እኔ እመጣና አነብላቸዋለሁ፤ ድምፄ እንደሚሰማ ያውቃሉ። የሥልጠናውን ሁለተኛ አጋማሽ በተመለከተ አዘጋጆቹን አነጋግሬያለሁ፤ ወንበርዎ እስካሁን ባዶ ነው፤ ምሳ ግን ዳግመኛ አያገኙም።

ለእንግዳ ተቀባይነትዎ፣ ለምስክር ወረቀትዎና ለማይነጥፈው ልበ ሙሉነትዎ ከጉልበቴ ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ በወለልዎ ላይ ስላደረ ግን ብዙም ዝቅ ሳልል፣ እጅ እየነሣሁ፤

የሰባት ልጆች አያት፣ የአንድ የዳቦ ቅርጫት የቀድሞ ባለቤት፣
ንጋሁያ ታሚሃና፣ ከቶኮሮዋ

ማስታወሻ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሾና ስም አንድ ጥቅል ልኬያለሁ፤ እባክዎ እርስዎ እንዳይከፍቱት። ሪፔካ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እጄ ሥር ተቀምጣ የመጀመሪያዋን ዋሃኩራ ጎንጉናለች። በእኛ ዘንድ ጎንጓኝ የመጀመሪያ ሥራዋን ለራሷ አታስቀርም፣ ትሰጣለች፤ ስለዚህ ለማታይ የሚሆነውን እኔ መጎንጎን ይዣለሁ፣ የእሷ ለእናንተ ልጅ ሆኗል። አንድ ጎኑ ትንሽ ጠመም ይላል፣ ወለሉ ግን ልክ ነው፤ ፈትሼዋለሁ። ሾና ስንሸኝ «እማማ፣ እንዲህ ያለውን ለኔ ከየት ላገኝ?» ብላኝ ነበርና ከእኛ ዘንድ እንደሆነ ይንገሯት። ይህኛው፣ ክቡር ሆይ፣ በእርግጥ ኮሃ ነው። የልጅ ልጅዎ ሲወለድ በጀርባው ያስተኙት፤ ሊያዩት ሲገቡም መቆንጠጫውን ወጥ ቤት ይተዉት።