ከውጭ የተቆለፉ በሮችን ሲፈልጉ የኖሩት የአቶ ሣህሉ አዘዘ የሕይወት ታሪክ
(1922–1983 ዓ.ም.)

አቶ ሣህሉ አዘዘ ከአባታቸው ከቄስ አዘዘ ተገኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፀሐይወርቅ አበጀ በ1922 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በደራ፣ ከአንበሳሜ የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቅ መንደር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ነበሩ።

ሦስተኛዋ ልጅ ወለላ ትባል ነበር። እግሯም እጇም አይታዘዝላትም ነበር። ይህ በቤተሰቡ ሲነገር የቆየ ነገር አይደለም፤ እንዲጻፍ ያዘዙት ሟቹ ራሳቸው ናቸው። ቤተሰቡ ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ወለላ ከጓዳ ትቀመጥና በሩ ከውጭ በጠፍር ይታሰር ነበር። ጎረቤት ድምፅ ሰምቶ ሲጠይቅ ጥጃ ነው ይባል ነበር። በ1938 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ ቤተሰቡ ሁሉ አንበሳሜ ገበያ በዋለበት ቅዳሜ ሞተች። ቀድመው ተመልሰው ጠፍሩን የፈቱት ሣህሉ ነበሩ። ዕድሜያቸው ዐሥራ ስድስት ነበር።

ዳዊት ከአባታቸው ተምረው፣ ዜማ ለመማር ወደ ዘጌ ተሻገሩ። አምስት ዓመት ተምረው ሳይጨርሱ ተመለሱ። በ1953 ዓ.ም. ወደ ባሕር ዳር ገቡ። ቀን በጉልበት ሥራ እየዋሉ በማታ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ደረሱ። በ1955 ዓ.ም. በከተማው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ፤ እስከ ጡረታቸው እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስም በዚያው ሠሩ። በተቀጠሩበት ዓመት ከወይዘሮ እናትዓለም ቢያድግልኝ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እሌኒንና አምሐን ወለዱ።

በ1966 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ ቅዳሜ በዓባይ ማዶ ሲያልፉ በጓጉንቸር ከተቆለፈ ቤት ውስጥ ሳል ሰሙ። ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የቤቱ እመቤት ከገበያ ሲመለሱ ቤት ውስጥ ሰው የለም አሏቸው። እሳቸውም አልተከራከሩም። ሲከፍቱ ውሃ እንዲያጠጧቸው ብቻ ለመኑ። በሩ ሲከፈት የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አደይ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም።

ከዚያ በኋላ ከተማው ቅዳሜ ወደ ገበያ ሲወርድ እሳቸው በየመንደሩ ከውጭ የተቆለፉ በሮችን እያዩ፣ ጆሮ እየሰጡ ይዞሩ ነበር። ወይዘሮ እናትዓለም፣ «እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ባል የለኝም» ይሉ ነበር። ሲቀልዱም ሲያዝኑም ይህንኑ ነው የሚሉት።

በ1967 ዓ.ም. ከየቤቱ ያገኟቸው ዐሥራ አንድ ሰዎች በግቢያቸው ተሰበሰቡ። ዐይነ ስውራኑ ፋብሪካው ከጣለው ክር ገመድ ይገምዱ፣ ሌሎቹ ከሐይቁ ዳር በታንኳ ከሚመጣ ደንገል ምንጣፍ ይሠሩ ጀመር። ማኅበሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በ1969 ዓ.ም. ከሐይቁ ዳር አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ተሰጣቸው። ያን ጊዜ አባላቱ አርባ ሁለት ደርሰው ነበር።

እዚህ ላይ አቶ ሣህሉ የሠሩት ስሕተት መነገር አለበት። ለማኅበሩ የያዙት መዝገብ የቤተ ክርስቲያን ልጅ መዝገብ ነበር። አባላቱን በጸሎት ለማሳሰብ የጻፏቸው በክርስትና ስማቸው ብቻ ነው። የክርስትና ስም ደግሞ ለባዳ አይነገርም፤ በስሙ ክፉ ይሠሩበታል ተብሎ ይፈራል። እነዚያ ሰዎች ስማቸውን የሰጧቸው ለማንም እንዳይናገሩ ቃል አስገብተው ነው።

በ1970 ዓ.ም. በጥር የዚያን ጊዜው ቀበሌ ለስኳር ራሽን የአባላት ዝርዝር ሲጠይቅ፣ ሌላ መዝገብ ስላልነበራቸው ያንኑ አስረከቡ። አርባ ሦስት ስም ነበረበት። ከቀበሌው መዝገብ ጋር ሲመሳከር አንዱም አልተገኘም። የሌሉ ሰዎች ማኅበር፣ በምስጢር ስም የተደራጀ፣ ተባለ። ጊዜው እንዲህ ተብሎ ለማምለጥ የሚመች አልነበረም። አቶ ሣህሉ ታሰሩ፤ መጋዘኑም ታሸገ። እያንዳንዱ ስም የማን እንደሆነ ከተናገሩ ያን ዕለት እንደሚፈቱ ተነገራቸው። ቃል ሰጥቻለሁ ብለው ዝም አሉ። ሰባት ወር ዝም አሉ። በዚያ ጊዜ ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል።

በነሐሴ ወር በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ማንም ሳይጠራቸው አባላቱ መጡ። የሚሄደው ዐይነ ስውሩን መርቶ፣ ዐይነ ስውሩ የማይሄደውን አዝሎ ገቡ። አደይ በእጇ እየዳኸች ከፊት ወጣችና ስሟን ተናገረች። ከዚያ እየተነሡ፣ መነሣት ያልቻለም ተቀምጦ፣ አርባ ሁለቱም የክርስትና ስማቸውን በሕዝብ ፊት ተናገሩ። ስማቸውን እዚህ አልጻፍነውም።

የመዝገቡን አንደኛ ስም ግን የእኔ ነው የሚል ጠፋ። ሊቀ መንበሩ ደጋግመው ጠሩት። ከአንበሳሜ የመጣው የአቶ ሣህሉ ታላቅ ወንድም ክንዱ ከኋላ ተነሣ። «እኅታችን ናት፤ ሞታለች። በሕይወት ሳለች ጥጃ ናት እያልሁ ለጎረቤት የተናገርሁ እኔ ነኝ» አለ። ሊቀ መንበሩም፣ «የሞተ ሰው በማኅበር ይመዘገባል እንዴ?» ቢሉ፣ ዐይነ ስውሩ ገመድ ሠሪ አካሉ፣ «ጓድ፣ እሷ ስኳር አትጠይቅዎትም» አላቸው። አዳራሹ ሳቀ። በዚያ ዓመት ሰው በስብሰባ ላይ ሲስቅ የተሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን አቶ ሣህሉ ተፈቱ። ሲወጡ ጥርሳቸው ጎድሏል፤ አንድ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር። የመጀመሪያ ንግግራቸው ቁጣ ነበር፦ «ማን ተናገሩ አላችሁ?» አደይ፣ «ጋሼ፣ ደግሞ እርስዎም ይደብቁን ጀመር?» አለቻቸው። ስለዚያ ነገር ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

ማኅበሩ በ1971 ዓ.ም. በአካለ ስንኩላን የእደ ጥበብ ማኅበርነት ታወቀ፤ መጋዘኑም ተመለሰ። በ1973 ዓ.ም. የእንጨት ሥራ ተጨመረ፤ ክራንችና በኩሽኔታ የሚሽከረከር ጋሪ ይሠራበት ጀመር። ማኅበሩ ያደገው ግን ደስ በሚያሰኝ ምክንያት አይደለም። በድርቁ ዓመት ከሰሜን የመጡት ተጨመሩ። ከዚያ ከጦር ሜዳ እግራቸውን ትተው የተመለሱት መጡ፤ ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። አቶ ሣህሉ አዲስ ክፍል ሲመረቅ አይቆሙም ነበር። ክፍሉን ዞረው አይተው፣ «ይህም ይሞላል» ብለው ይሄዱ ነበር። ይሞላም ነበር። ዛሬ አባላቱ መቶ ሰማንያ ሰባት ናቸው።

በ1982 ዓ.ም. ሁለቱም እግሮቻቸው ከዷቸው። ወንዛዬ ፍል ውሃ ሁለት ጊዜ ተወስደው አልተሻላቸውም። ከማኅበሩ ጋሪ አንዱን ተቀብለው እየተገፉ የቅዳሜ መንገዳቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻ ኩላሊታቸው ታሞ ከመስከረም ጀምሮ አልጋ ላይ ዋሉ። ማኅበሩን ለአደይ አስረከቡ። ቅዳሜ ኅዳር 8 ቀን 1983 ዓ.ም. ከተማው ገበያ በወጣበት ሰዓት አረፉ። በሩ ክፍት ነበር፤ ቤቱም ሰው ሞልቶት ነበር።

አቶ ሣህሉ ባለቤታቸውን ወይዘሮ እናትዓለምን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ከማኅበሩ አባላት ውስጥ አባቴ የሚላቸው ብዙ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በዚያ መዝገብ ውስጥ የራሳቸው ስም አልነበረም፤ በአዳራሹም ያልተነገረው የእሳቸው ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት አደይን አስጠርተው፣ «ሁላችሁም ተናግራችኋል፤ ደብቄ የቀረሁ እኔ ነኝ። በቀብሬ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ይነበብ» አሉ። ስለዚህ እናነባለን።

የክርስትና ስማቸው ወልደ ዮሐንስ ነው። በዚህ ስም ጸልዩላቸው። አምላክ የወልደ ዮሐንስን ነፍስ ደጁን ከፍቶ ይቀበል፤ ቀድማ ከሄደችው እኅቱም ጋር ያገናኘው። አሜን።

ክንዱ አዘዘ