ይጸድቁ ይሆን?

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ እየተደገፍሽ ነው ወይስ ትንሽ ተሽሎሻል? የአባባስ ሳል ለቀቃቸው? ታናሿ እህቴስ ፈተናዋን በደህና ጨረሰች? እኔ በአካል ደህና ነኝ። በአካል ማለቴን ልብ እንዳልሽው አውቃለሁ፤ ከአንቺ ምን ይሰወራል። እባክሽ አባባ እንደ ልማዳቸው ለጎረቤት ጮክ ብለው ሳያነቡት፣ ይህን ደብዳቤ መነጽርሽን አድርገሽ ብቻሽን አንብቢው።

እማዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

በችግኝ ጣቢያው የእኔ ሥራ የቃሪያ ችግኝ ባለበት የፕላስቲክ ቤት መሆኑን ጽፌልሽ ነበር። በጀርባ የምናዝላቸው ሁለት መርጫዎች አሉን፤ አንዱ ለአረም መድኃኒት፣ አንዱ ለችግኙ ማዳበሪያ። መልካቸው አንድ ስለሆነ የአረሙ መርጫ ማንገቻው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል። ጨርቁን ሳታዩ እንዳትሞሉ እያልኩ ሠራተኛውን ሁሉ የማሰለቸው እኔ ነበርኩ። ረቡዕ ጠዋት አብራኝ የምትሠራው ሴት አሥር ደቂቃ አርፍዳ መጣች። «እንቅልፌ» የሚል ስም ያወጣሁላት እኔው ነኝ፤ አሁን ሁሉም በዚያው ይጠራታል። ሰዓት ስለማክበር ቆሜ ስሰብካት እጄ መርጫውን ማዳበሪያ ይሞላ ነበር። ቀዩን ጨርቅ አላየሁትም። ከታቹ የአረም መድኃኒት ትራፊ ነበረበት፤ ያንኑ አዝዬ ሄጄ ቤቱን ሙሉ ረጨሁት።

ዓርብ ጠዋት ቅጠሉ ተጨማዶ፣ ጫፉ ገርጥቶ አገኘነው፤ ሮጬ መርጫውን ባየው ቀዩ ጨርቅ ታስሮበታል። አራት ሺህ ችግኝ ነው እማዬ፣ ገበሬዎች በሚመጣው ሳምንት ሊወስዱት ቀን እየቆጠሩ የሚጠብቁት። አለቃችን ማን ነው የረጨው ብለው ሲጠይቁ የሁሉም ዓይን እንቅልፌ ላይ አረፈ። እሷም እኔ አይደለሁም አላለችም። ሰኞ ሥራሽንም መኝታ ክፍልሽንም ትለቂያለሽ አሏት። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። እኔ ነኝ አላልኩም።

ያን ቀን ያሰብኩትን ስነግርሽ አፍራለሁ። ሦስት ዓመት አንድም ቀን አላረፈድኩም፣ ጾም አልሻርኩም፣ ሰው አላማሁም፣ እንቅልፌን ካልቆጠርን ማለቴ ነው፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ለአንዲት ስህተት አይሆነኝም ወይ ብዬ ከፈጣሪ ጋር ክርክር ገጠምኩ። የጸለይኩ መስሎኝ ለካ ራሴን ሳወድስ ነው የዋልኩት። መልካም ሥራዬን በቆጠርኩ ቁጥር ልቤ ይበልጥ ይመታ ነበር እንጂ አላረፈም። ከአራት ሺህ ችግኝና ከአንዲት ሴት እንጀራ ጋር ሲተያይ የእኔ ጽድቅ ምን እንደሚያህል ያኔ ታየኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን አልቻልኩም። አለቃችን ቢሮ ገብቼ የረጨሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው አንቺ? አሉኝ፤ ከቁጣ ይልቅ ይቺ ጥያቄ ቆረጠችኝ። ሰኞ ጠዋት እንነጋገራለን ብለው አሰናበቱኝ። እንቅልፌን ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። ለካ ረቡዕ ዕለት መርጫውን ስመልስ ቀዩን ጨርቅ አይታዋለች፤ ነገሩ የገባት ግን ዓርብ ቅጠሉን ስታይ ነው። ታዲያ ለምን አልተናገርሽም ስላት፣ እኔ ስንቴ በይቅርታ ታልፌ ነው እዚህ የደረስኩት፣ ለአንቺ ሲሆን ልሰስት ወይ አለችኝ። ደግሞም፣ አንቺም ስትሳሳቺ ማየት ግን ደስ ይላል ብላ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ። ይቅር በይኝ ሳልላት ይቅር ብላ ቆየችኝ።

ሽማግሌው አትክልተኛችን ችግኞቹን ወደ ጥላ አውጥተው ቅጠሉን በንጹሕ ውኃ እያጠቡ ነው። እሑድ ቢሆንም ከጠዋት ጀምሮ ሳግዛቸው ዋልኩ። ይጸድቁ ይሆን ብዬ ብጠይቃቸው፣ ችግኝ በራሱ ጸድቆ አያውቅም፣ የሚያጸድቀው አለ እንጂ፤ እኛ ውኃውን እናጠጣ አሉኝ። ይህን ያህል ጸደቀ፣ ይህን ያህል ደረቀ እያልኩ ይህንኑ ቃል ሦስት ዓመት በችግኙ መዝገብ ላይ ስጽፈው ኖሬያለሁ። እኔ ግን በራሴ የጸደቅሁ ይመስለኝ ነበር።

ቢሆንም ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ከተናገርሽ ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል እንዳትዪኝ። ነገ ካሰናበቱኝ መኝታ ክፍሉም ከሥራው ጋር ይሄዳል። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁት፣ መለስኩት፣ ደግሞ አወጣሁት። ስመሰገን ኖሬ አሁን ጽድቁ ቀርቶ በወጉ በኮነነኝ እያልኩ ነው።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ታናሿን እህቴን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ እንደ እህትሽ ሁኚ እያልሽ መምከሩን ግን ተይላት፣ ልጅቷም ትረፍ። አክስቴን ለላከችልኝ ሹራብ እግዜር ይስጥሽ በዪልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋንም እንደምን ነሽ በዪልኝ፤ ስለ እኔ ከጠየቀች ደህና ናት በዪና እለፊው።

አንድ ነገር ለምኜሽ ላብቃ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ የሰኞው ነገር ወይ እንዲህ ወይ እንዲያ ሆኖ ያልቃል። ስትጸልዪልኝ «ደግ ልጅ ናትና ጠብቃት» ትዪ ነበር፤ ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ከእንግዲህ ደግነቷን ተይው እማዬ። «ልጅህ ናትና ማራት» በዪልኝ።

ልጅሽ

ከችግኝ ጣቢያው የሠራተኞች መኖሪያ፣ እሑድ መጋቢት ፲፬ ቀን