ከበሩ አጠገብ ለሚቀመጡ ወንዶች የተተወ መጋዘን

የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው የወይዘሪት ህይወት ምስክርን የፕሮስቴት ካንሰር ጥናት እቅድ ባለፈው ሐሙስ ለሁለተኛ ጊዜ መልሶታል።

እኔ የቡሬው እህል ነጋዴ እንዳለው ባዬ፣ ዛሬ እሑድ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አካሌ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይጎድል፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ተናዝዣለሁ። ከዚህ በፊት የተናዘዝሁት ቢኖር ተሽሯል። ሕመሜ ጥናቱ የሚመለከተው ያው በሽታ ነው፤ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል።

ቤቴንና የጓሮውን ባሕር ዛፍ ለባለቤቴ ለወይዘሮ ሲሳይነሽ ትቻለሁ። ሌሊት ስመላለስ ሰምታ ታከም ያለችኝ እርሷ ብቻ ናት። ወገቤን ነው ብላት፣ ወገብ ሽንት ቤት አይመላለስም አለችኝ።

በሽንዲ በኩል ያለው የእርሻ ይዞታዬ ለልጄ ለአደይ ይሁን። ስታሳርሰው የኖረች እርሷ ናት፤ ወንድሟ ቻላቸው እርሻውን የሚያስታውሰው እህል ሲገባ ነው። እርሱ የጭነት መኪናዬን ይውሰድ።

የበቆሎ መጋዘኔ ኪራይ ግን ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ ለወይዘሪት ህይወት ይዋል፤ ከዚያ በኋላ መጋዘኑን ልጆቼ እኩል ይካፈሉት። ህይወት ፍኖተ ሰላም የምትሠራ የጤና ባለሙያ ናት። ማወቅ የምትሻው የአገራችን ወንድ በሽታው ሳይሠራጭ ለምን እንደማይመጣ ነው፤ ቀድሞ ቢመረመርስ ስንቱ ይድናል የሚለውንም። ገንዘብ ያላቸው ድርጅቶች በቅድሚያ የሠራሽውን ጥናት አሳዪን ይሏታል። ገንዘብ የለመነቻቸው ግን ያንኑ ለመሥራት ነው።

ለምን እንደምናረፍድ ሰንበቴያችንን ያየ አይጠይቅም። እንደ ደንቡ በዕድሜ የገፋ ሰው ከላይ፣ ከካህናቱ አጠገብ ይቀመጣል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን እኛ ሽማግሌዎች የምንሻማው ከበሩ አጠገብ ላለው ቦታ ነው። ወጣቶቹ ትሕትና መስሏቸው ያመሰግኑናል። ለምን እንደምንሻማ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚናገረው ግን የለም። ብርድ ነው እንባባላለን።

ኮሚቴው እቅዱን መጀመሪያ የመለሰው የሚመራት ነባር ሐኪም የላትም ብሎ ነው። ስለዚህ እዚሁ ቡሬ በጡረታ የሚኖሩትን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ክንፈሚካኤልን ለመንሁ፤ እሺ አሉ። ክፍያ አልፈልግም ስላሉ የመጋዘኑን የፊት ክፍል ከነወንበሬ ሰጥቻቸዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም ስትመጣ የጻፈችውን ያርሙላት፣ ሲያስፈልግም ይቆጧት፤ ሥራው ሲታተም ግን ስማቸው ከስሟ በኋላ ይሁን። ከሁሉ የሚከብደኝ የመጨረሻው ነው ብለውኛል።

ለሁለተኛ ጊዜ የተመለሰበት ምክንያት እኔ ነኝ። በተዝካሬ ቀን የሚመጣ ወንድ ሁሉ መጀመሪያ ለምርመራ ደም ሰጥቶ ከዚያ ይብላ ብዬ ነበር፤ እርሷም እንቢ እንዳትለኝ ብለምናት እቅዱ ውስጥ አስገባችው። ኮሚቴው በድግስ የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም፣ ድግሱና ጥናቱ ይለያዩ አለ። ለያይቻቸዋለሁ፤ ድግሱን ሰርዤዋለሁ። ፍትሐቱ በቤተ ክርስቲያን ይደረግ፤ የተዝካሩ በሬ ተሽጦ ከኪራዩ ጋር ይደመር።

ቻላቸው ለአባቱ ተዝካር ያላወጣ ተብዬ በገበያ መካከል እንዴት እሄዳለሁ ብሎ ተከራክሯል። ቀና ብለህ ሂድ፤ በዚያውም ሐኪም ቤት ጎራ በል። አባቱ የታመመ ልጅ ቀደም ብሎ ይታይ ብለውኛል ዶክተሩ።

ኮሚቴው ለሦስተኛ ጊዜ ከመለሰው ያለ ፈቃድ የሰው ደም አይወሰድምና መጋዘኑ ለቻላቸው ይሁን። ስለዚህ ልጄ እስከ ውሳኔው ቀን በጸሎት እንደሚተጋ አልጠራጠርም። ምን ብሎ እንደሚጸልይ አልጠይቀውም።

ይህ እየተነበበ ሳለ ከምስክሮቹ አንዱ፣ የልጅነት ጓደኛዬ አቶ ሙጬ፣ ተነሥቶ ወጣ። ሕጉ አራቱም ባሉበት ይነበብ ስለሚል ንባቡ ቆመ፤ ሲመለስ ከመጀመሪያው ተጀመረ። ሰንበቴው ላይ ስንደርስ ደግሞ ወጣ። የተቀመጠው ከበሩ አጠገብ ነበር። ቀጥሎ የተነጋገርነውም ይጻፍ ብያለሁ።

«ብርድ ነው» አለ ሲመለስ።

«የእኔም ብርድ ነበር» አልሁት። «ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ስደርስ ስሙ ተለወጠ።»

«ኮሚቴው ይፍቀድ እንጂ የመጀመሪያው ተመርማሪ እኔ ነኝ።»

ሌላው ምስክር መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ጣልቃ ገቡ። «አንተ ሰው፣ ኮሚቴው የሚፈቅደው ለጥናቱ ነው። አንተን ከሐኪም ማን ከለከለህ?»

ሙጬ «እነርሱም ይወስኑ፣ እኔም ልወስን» አለ።

ለምስክሬ ንብረት ልተው ሕግ አይፈቅድልኝም፤ ምክር ግን አልከለከለም። እኔን እይና ሂድ ብዬዋለሁ።

ንባቡ እንደገና ተጀምሮ አራቱም ሳይነሡ እስከዚህ ተሰምቷል። ቃሌ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ተናዛዥ፦ እንዳለው ባዬ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል (ፊርማ)
ወይዘሮ እህተ ማርያም ንብረት (የጣት አሻራ)
አቶ መሰረት እንቁ (ፊርማ)
አቶ ሙጬ ባምላኩ (ፊርማ፤ ፈርሞ ወጥቷል)

የኑዛዜው ጸሐፊ ማስታወሻ፦ ኮሚቴው ውሳኔውን ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት፣ ሰኞ ሚያዝያ 20 ቀን አሳውቃለሁ ብሏል። አቶ ሙጬም እንዲሁ።