እንጆሪው ሳያቆጠቁጥ

ሰኞ፣ ኤፕሪል 8፣ 1878

ነፋስ ከምሥራቅ። ደረቅ ቀን። ሦስቱንም የመስታወት ቤቶች ዞርኩ። ችግኞቹ ደህና ናቸው። ቀዩ ጄራኒየም አራት ሺህ፣ ሰማያዊው አበባ ሦስት ሺህ፣ ቢጫው ገና አልተቆጠረም።

ከምሳ በኋላ እንፋሎቱ መሃል ቆሜ ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። ሙቀቱ ያፈዛል። ጠብታው በመስታወቱ ላይ ሲንሸራተት፣ ከሌላው ጋር ሲገናኝ፣ ደግሞ ሲወርድ... ጆብ ፕሪንግል መጣ። "ጌታው፣ እርስዎም ችግኝ ሆኑ እንዴ? ውሃ ላጠጣዎት?" ሠላሳ ዓመት በሥሬ ሠርቷል፤ አንድም ቀን አፉን ዘግቶ አያውቅም።

ወደ ቤት ስገባ በዶርካስ የአበባ መደብ በኩል አለፍኩ። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። አበቦቿን ማንም አልነካቸውም። እኔም አልነካኋቸው። በራሳቸው ይበቅላሉ፣ በራሳቸው ይረግፋሉ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 18

የምሠራበት ትልቅ ቤት እመቤት ሌዲ ብራስኮም አስጠሩኝ። ልጃቸው ሚስ ኦጋስታ ጁን 6 ታገባለች። በሳሎኑ መስኮት ትይዩ ያለው ትልቁ መደብ ዘንድሮ የሙሽሮቹን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ይያዝ አሉ። ቀይ በሰማያዊ ላይ፣ ዙሪያው ቢጫ። ልክ እንደተዘረጋ ምንጣፍ።

"እንግዶቹ ከላይ ሆነው ሲያዩት ይነበብ፣ ታርዌል።"

"ይነበባል፣ እመቤቴ። ግን ችግኙን ሜይ ሊያልቅ ሲል ነው ወደ ውጭ የማወጣው።"

"ያን ጊዜማ ከተተከለ በሠርጉ ቀን እዚህም እዚያም የቆመ ችግኝ ነው የሚታየው። በሜይ አሥር ይተከል።"

"ውርጩ..."

"የእህቴ አትክልተኛ ሎንዶን ውስጥ በሜይ መጀመሪያ ነው የሚተክለው። አንተ ካልቻልክ እሱን አስመጣለሁ።"

ሎንዶንን ጭሱ ያሞቀዋል። ይህን ማለት ነበረብኝ። "እችላለሁ" አልኩ። ለምን? ኩራት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

እሑድ፣ ኤፕሪል 21

ፋሲካ። ስብከቱ ረዘመ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። አባቴ የዚህ ቤት አትክልተኛ ሳለ ሣሩ እስከ ግድግዳው ድረስ ይመጣ ነበር። በጎች መስኮቱ ሥር ይግጡ ነበር። አበባ ከአጥር ኋላ የሚደበቅ ነገር ነበር። ከዚያ ደረጃው መጣ፣ እንደ ጣልያኖች የአትክልት ቦታ፤ የድንጋይ ማሰሮዎቹም መጡ። በጎቹ ሄዱ። የመስታወት ቀረጥ ተነስቶ ዋጋው ሲረክስ ደግሞ የመስታወት ቤት እንደ እንጉዳይ ፈላ። ከሜክሲኮ፣ ከአፍሪካ ጫፍ፣ ስሙን ከማላውቀው አገር ሁሉ ቀለም በመርከብ መጣ... ሁሉም ከሥሩ ያለውን ቀብሮ ነው የሚመጣው። እኛንስ ምን ይቀብረን ይሆን?

ጆብ በክርኑ ጎሸመኝ። ለካ አንኮራፍቻለሁ።

ሐሙስ፣ ሜይ 9

ችካል ተከልን፣ ገመድ ወጠርን። ፊደላቱ በአፈሩ ላይ ተነበቡ። ያምራል፣ መቼም አይካድ።

በጓሮው እንጆሪ ዛፍ በኩል ተመለስኩ። ሽማግሌ ዛፍ ነው፤ እምቡጡ ሁሉ እንደተዘጋ ነው። ዶርካስ "ከዛፍ ሁሉ ብልጡ እሱ ነው፤ ውርጩ መሄዱን ሳያረጋግጥ ዓይኑን አይገልጥም። እሱ ሳያምን አትመን" ትለኝ ነበር። ነገ ልተክል ነው፤ እሱ ግን አላመነም።

አንድ ጊዜ፣ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸተውን ነጭ አበባዋን ይዛ መጥታ ነበር። "ከትልቁ መደብ አንድ ጥግ ብቻ ስጠኝ፣ ኢኖክ።" ሳቅኩባት። "የጎጆ አበባ በጌቶች ደጃፍ?" እሷም ሳቀች። ሁለተኛ ግን አልጠየቀችኝም።

ዓርብ፣ ሜይ 10

ተተከለ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 18

ጠዋት ሣሩ ነጭ ነበር። መደቡ ጥቁር። በእጄ ስነካው እንደተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሰ። ሁሉም። በመስታወት ቤቶቹ የቀረ ችግኝ ቢኖርም ለጥጉ እንኳ አይበቃም።

ጆብ አልቀለደም። ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ሜይ 20

ለሌዲ ብራስኮም ነገርኳቸው።

"እንዲህ እንደሚሆን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር፣ እመቤቴ።"

"ታዲያ ለምን ተከልከው?"

"እችላለሁ ብዬ ስለነበር።"

"መደቡን ጠጠር አልብሰው" አሉ። "በመከር የሎንዶኑ ሰው ይመጣል።" ተፈጸመ ማለት ነው... አባቴ የሠራበት ቦታ።

ስወጣ ሚስ ኦጋስታ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ። ልጅ ሳለች በእኛ አጥር ላይ ተንጠልጥላ የዶርካስን የዝንጅብል ዳቦ ስትበላ ነው ያደገችው። "ሚስተር ታርዌል... የዶርካስ አበቦች ትልቁ መደብ ላይ ቢተከሉስ? ለእናቴ አልነገርኳትም። እርስዎ እሺ ካላሉ ማንም አይሰማም።"

"ላስብበት" አልኩ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 21

ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ንቦቹ... ደወል የሚመስለው አበባ ውስጥ ገብተው ሲወጡ ጀርባቸው በቢጫ ዱቄት ተለውሷል። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ዶርካስ ጎንበስ ብላ አየኋት። ቀና አላለችም። ቀሚሷ ላይ አፈር ነበር። ተኝቼ ነበር? አልመሰለኝም።

ብነቅላቸው ምኗ ይቀረኛል? በጋ ነው፤ በአበባ ላይ የተነቀለ ነገር ሊሞትም ይችላል። ፈራሁ። እንደዚህ ናፍቃኝም አታውቅም።

ግን አንድ ጥግ ለምናኝ ነበር። አንድ ጥግ።

ሐሙስ፣ ሜይ 23

ደመና፣ ካፊያ። ለመንቀል ምቹ ቀን። ሚስ ኦጋስታን ትናንት እሺ አልኳት፤ ለእናቷ የምትነግረው እሷ ናት።

ጆብ አካፋውን ከመስካቱ በፊት ባርኔጣውን አወለቀ። "ዶርካስ፣ ይቅር በይን" አለ። እያንዳንዱን ከነአፈሩ አወጣነው፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልነው። ገመድ የለም፣ ችካል የለም፣ ሥዕል የለም። እንዴት ይደረደር? እሷ ደጃፏ ላይ እንዳስቀመጠችው፣ በዚያው ቅደም ተከተል አስቀመጥኩት። የትልቁን መደብ ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 25

ጆብ አውርቷል፣ ሌላ ማን ያወራል! የመንደሩ ሴቶች አበባ ከነሥሩ ይዘው መጡ። የጫማ ሰፊው ሚስት፣ የወፍጮ ቤቷ መበለት፣ ሌሎችም። "ይሄን ዶርካስ ናት የሰጠችኝ።" "ይሄም የእሷ ነው፣ የዛሬ አሥር ዓመት።" በአጥር ላይ ስታድለው የኖረችው ሁሉ ተመለሰ።

ላመሰግን አፌን ስከፍት መበለቷ ተቆጣች። "እንዳታመሰግን! አትክልተኛ ነኝ ትላለህ፣ ይህን አታውቅም? ያመሰገኑበት ተክል አይጸድቅም!" አውቃለሁ። ዶርካስም እንዲሁ ትል ነበር። አፌን ዘጋሁ።

መደቡ ሞላ።

ሐሙስ፣ ጁን 6

ሠርግ። አንዳንዱ አንገቱን ደፍቷል፤ አንድ ሁለቱ ሞተዋል። የቀረው ቆሟል። ከመስኮት ምንም አይነበብም፤ ቀለሙ ተደበላልቋል። እንግዶቹ ግን ሽታው ጠራቸው መሰለኝ፣ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ደረጃውን ወረዱ። ሌዲ ብራስኮምም ወረዱ። ነጩ አበባ ጋ ጎንበስ ሲሉ አየሁ። በዕድሜዬ ሙሉ አበባን ከመስኮት ሲያዩ እንጂ ጎንበስ ሲሉ አይቼ አላውቅም።

አንድ ጺማም እንግዳ ጠየቀኝ። "ይህን ያቀደው ማን ነው? አንተ ነህ?"

"ባለቤቴ ናት" አልኩ። "ዶርካስ ትባላለች።"

ሁለት ዓመት ስሟን ጮክ ብዬ አልጠራሁም ነበር። ዛሬ ለማላውቀው ሰው ጠራሁት።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 14

የመጀመሪያው የመከር ውርጭ። እንጆሪው ቅጠሉን በሙሉ በአንድ ጠዋት አራገፈ።

የሎንዶኑን ሰው ማንም አላነሳውም። የጎን መደቦቹ ለከርሞም ምንጣፍ ይሆናሉ፤ ትልቁ ግን እንዳለ ይቆይ ተብሏል። የእኔ ደጃፍ ባዶውን ከረመ። ከትልቁ መደብ ነቅዬ ላመጣ እጄ እንቢ አለኝ። አሁን የቤቱ ነው፣ የእኔ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ሌዲ ብራስኮም አጥሬ ጋ መጡ። በእግራቸው። እዚህ መጥተው አያውቁም። ጓንታቸው አፈር በአፈር ነው፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ነጭ አበባ ከነሥሩ ይዘዋል።

"ራሴው ነኝ ከሥሩ ለሁለት የከፈልኩት። አበላሸሁት መሰለኝ።"

አላበላሹትም። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። የምስጋናው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"ኦጋስታ አስጠንቅቃኛለች" አሉ። "እንዳትለው።"

አላልኩም። እስኪሄዱ ጠብቄ ከበሩ በስተቀኝ፣ በድሮው ቦታው ላይ ተከልኩት።