ከነፕላስቲኩ የተተከለው ጤና አዳም

ሻሼ፣

እናቴን ለማምጣት ደራ ሄጃለሁ፤ ቅዳሜ ይዣት እመለሳለሁ። ከበሩ ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው የሰጠችኝን ጤና አዳም ነው።

ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ ነቅለሽ፣ ሥሩን አራግፈሽ ስታዛውሪው እንዳደረቅሽው አውቃለሁ። በምትኩ ከገበያ ገዝተሽ የተከልሽውንም አይቻለሁ። አንቺ ልጅ፣ የችግኙ ጥቁር ፕላስቲክ ከአፈሩ ወጥቶ እየታየ ማንን ልታታልዪ ነው?

ዛሬ በደንብ አጠጪው።
ነገ ፀሐይዋ ስትበርድ ቆፍረሽ አውጪውና ፕላስቲኩን ቅደጂ፤ አፈሩን ግን ከሥሩ አታራግፊ። መልሰሽ ትከዪው፣ ውሃ ጨምሪለት። እስከ ቅዳሜ ቀን ቀን ቅርጫት ድፊበት።
ሌላ ጊዜ ተክል ማዛወር ሲያምርሽ፣ እባክሽ ክረምቱ እስኪገባ ጠብቂ።

ሳምንቱን ሙሉ ፊቴን ሳዞርብሽ ትንሽ ሳላበዛው አልቀረሁም።

እናቴ ከጠየቀችሽ "ያው የእርስዎ ነው፣ እማማ" በያት። አትፍሪ፤ አንቺ ያደረቅሽውም የእሷ አልነበረም። የእሷን ካቻምና በግንቦት ሙቀት አዛውሬ የገደልኩት እኔ ነኝ። እኔም ከገበያ ገዝቼ ተካሁት።

ፕላስቲኩን ግን አውጥቼ ነው የተከልኩት።

ሑስና